ከወንዝ ዳር ወደ ቬቲቨር ማሳ፦ የቡና ማጠቢያዎቻችን ጉዞ

በጅማ ዞን «ኢንዱስትሪ» ሲባል ለአርሶ አደሩ ቀድሞ የሚታየው የቡና ማጠቢያው ነው። የአካባቢው ቡና ለረጅም ዘመን በጀንፈል መልክ ሲሸጥ የኖረ ሲሆን፣ እሸት ቡና ፈልፍሎ ማጠብ በአገራችን መስፋፋት የጀመረው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው።

ያኔ የማጠቢያ ቦታ የሚመረጠው በአንድ መስፈርት ብቻ ነበር፤ ውሃ። ወንዝ ይጠለፋል፣ ቡናው ይፈለፈላል፣ በገንዳ ይብላላል፣ ይታጠባል፤ ፍሳሹም ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል። ይህ በጊዜው እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ብልህ የቦታ መረጣ ይቆጠር ነበር። ይሁን እንጂ የቡናው ዝልግልግ ስኳርነት ስላለው ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ በውሃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጊዜው ነው፤ ማጠቢያዎች በሙሉ ኃይል የሚሠሩት ክረምቱ አልፎ ወንዙ በሚጎድልበት ወቅት ነው። ሽታውን ከታች ያለው ቀበሌና ከብቱ ያውቁታል። የጎማ ውሃ በዴዴሳ አድርጎ ዓባይ፣ የጅማ ዙሪያው በግቤ አድርጎ ኦሞ ይገባልና ጉዳዩ የአንድ መንደር ብቻ አይደለም።

በ1995 ዓ.ም. የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ወጣ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የፍሳሹን ጉዳት በልኬት አሳዩ። በሥራ የታየው ለውጥ ግን የመጣው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቴክኖሰርቭ የተባለው ድርጅት በጅማ አካባቢ ማኅበራትን ሲያደራጅ፣ ፔናጎስ የተሰኘው ውሃ ቆጣቢ የኮሎምቢያ ማሽን ገባ። አጋሮ አካባቢ ያለው ዱሮሚና ማኅበር በዚሁ መንገድ ተመሥርቶ፣ በ2004 ዓ.ም. ቡናው በአህጉራዊ ውድድር ከአፍሪካ አንደኛ ተባለ። ውሃ መቆጠብ ጣዕም ያበላሻል ይሉ የነበሩ ሳይገረሙ አልቀሩም።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሊታረም ይገባል። ማሽኑ ውሃውን ይቀንሳል እንጂ ዝልግልጉን አያጠፋም፤ እንዲያውም የሚወጣው ፍሳሽ ጥቂት ቢሆንም ወፍራም ነው። በመሆኑም ከማሽኑ እኩል የሚያስፈልገው ፍሳሹን የሚቀበለው ጉድጓድና የቬቲቨር ሳር ማሳ ነው። ቬቲቨርን ለአገራችን ያስተዋወቀው ሩቅ አገር ያለ ተቋም ሳይሆን መልኮ የሚገኘው የጅማ ምርምር ማዕከል ነው። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ፍሳሹን ይመጣል፣ ቅጠሉም እየታጨደ ለጣሪያ ክዳንና ለጉዝጓዝ ይውላል።

በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ከንድፉ ጀምሮ ታስቦበት ተሠርቷል። ማጠቢያዎቻችን ግን ወንዝ ዳር ከተተከሉ በኋላ የተማሩ ናቸው። ለጉድጓዱ የሚሆን መሬት ማግኘት ዛሬም ከማሽን ግዢ ይልቅ የሚያከራክረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ማጠቢያው ሲተከል ለፍሳሽ ብሎ መሬት ያስቀረ አልነበረምና።