ርእሰ ከተማው የነፈገው ማዕረግ

«ሉቻ» የሚለው የእስፓኝ ቃል እንደ አማርኛው «ትግል» ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ሁለት ሰዎች ተያይዘው አንዱ ሌላውን መሬት ለማስነካት የሚያደርጉት የጉልበትና የብልሃት ግጥሚያ ነው። ሁለተኛው የተገፋ ወገን መብቱን ለማስከበር የሚጓዘው ረጅም መንገድ ነው። የሜክሲኮ ሕዝብ «ሉቻ ሊብሬ»፣ ማለትም ነፃ ትግል፣ ብሎ የሰየመው የአደባባይ ትርዒት ዘወትር የሚታወቀው በመጀመሪያው ፍች ነው። ከትርዒቱ ማዕረጎች አንዱ ግን፣ በ1955 የተቋቋመው የሜክሲኮ ብሔራዊ የሴቶች ሻምፒዮንነት፣ ሁለቱን ፍቾች በአንድ ቀበቶ አሥሮ የኖረ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማዕረጉ ስሙ «ብሔራዊ» ይሁን እንጂ፣ ባለማዕረጎቹ እስከ 1986 ድረስ በአገሪቱ ርእሰ ከተማ መድረክ ላይ እንዳይወጡ ታግደው ነበር። አንድ ማዕረግ ከአገሩ ዋና አደባባይ ተባርሮ እንዴት ሊኖር ቻለ? የዚህ ጥያቄ መልስ ከስፖርት ታሪክ አልፎ የመድረክንና የሥልጣንን ግንኙነት የሚያሳይ ነው።

የመድረኩ አመጣጥ

ነፃ ትግል ወደ ሜክሲኮ የገባው ከውጭ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይ ወረራ ጊዜ መታየት እንደ ጀመረ ይነገራል። ቋሚ ቤት ያገኘው ግን በሳልቫዶር ሉተሮት ጥረት ነው። ሉተሮት በሜክሲኮ አብዮት የተዋጋ፣ በኋላም በግብር ተቆጣጣሪነት የሠራ ሰው ነበር። በ1929 ከድንበሩ ማዶ በቴክሳስ ኤል ፓሶ ከተማ ያየው የትግል ግጥሚያ ቀልቡን ስለ ሳበው፣ «የሜክሲኮ የነፃ ትግል ድርጅት»ን አቋቁሞ መስከረም 21 ቀን 1933 በሜክሲኮ ከተማ በአሬና ሞዴሎ የመጀመሪያውን ትርዒት አቀረበ። በ1943 አሬና ኮሊሴዮ፣ በ1956 ደግሞ ከ16 ሺሕ በላይ ተመልካች የሚይዘው አሬና ሜክሲኮ ተከፈቱ።

ከውጭ የመጣው ነገር ባጭር ጊዜ ውስጥ የአገሩን መልክ ያዘ። የሜክሲኮ ትግለኞች ከክብደት ይልቅ ፍጥነትን፣ ከመያያዝ ይልቅ ከገመድ ላይ መዝለልን መረጡ። ትርዒቱ እንደ ማንኛውም ተውኔት ሁለት ወገኖች አሉት። ደንብ አክብረው በችሎታቸው የሚታገሉት «ቴክኒኮ» ሲባሉ፣ ዳኛውን እያታለሉ ደንብ የሚጥሱት «ሩዶ» ይባላሉ። በ1934 ከአሜሪካ የመጣ አንድ ትግለኛ አንቶኒዮ ማርቲኔስ የተባለ ጫማ ሠሪ ጭምብል እንዲሰፋለት ካዘዘ ወዲህ፣ ጭምብል የትርዒቱ ዋና ምልክት ሆነ። ጭምብሉን በውርርድ ያስያዘ ትግለኛ ከተሸነፈ ፊቱን ለሕዝብ ይገልጣል፤ ስሙንም ይናገራል። ጭምብል የሌለው ጸጉሩን ያስይዛል፤ ከተሸነፈም እዚያው መድረክ ላይ ይላጫል። በ1942 በብርማ ጭምብል የወጣው ኤል ሳንቶ፣ የትውልድ ስሙ ሮዶልፎ ጉስማን ዌርታ፣ በቀለበቱ ውስጥ ካገኘው ዝና ተነሥቶ የሲኒማና የሥዕል መጽሔት ጀግና እስከ መሆን ደርሷል።

ማዕረግ ምንድን ነው?

የነፃ ትግል ሻምፒዮንነት ከሌሎች የስፖርት ማዕረጎች የሚለይበት ጠባይ አለው። መውደቁና መምታቱ እውነተኛ ሥቃይ ቢኖረውም፣ የግጥሚያው ፍጻሜ በአዘጋጆቹ አስቀድሞ የሚወሰን ነው። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ማዕረጉ ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርት በ1957 ባሳተመው «ሚቶሎጂ» በተሰኘው መጽሐፉ ይህን ዓይነቱን ትግል እንደ ስፖርት ሳይሆን እንደ ትርዒት መመርመሩ ለዚህ ጥያቄ መንገድ ይከፍታል። በትርዒት ዓለም ማዕረግ የአደራ ምልክት ነው። አዘጋጁ፣ ባልደረቦቹና ተመልካቹ «ይህን ምሽት ተሸክሞ የሚወጣ ይህ ሰው ነው» ብለው ያመኑበት ተዋናይ ቀበቶውን ይታጠቃል። ሯጭ ተመልካች በሌለበት ሜዳ ቢሮጥ ሰዓቱ ይመሰክርለታል። የነፃ ትግል ሻምፒዮን ግን ከመድረክና ከሕዝብ ሌላ ምስክር የለውም።

በሜክሲኮ ይህ አደራ መንግሥታዊ ማኅተምም አለው። ብሔራዊ የሚባሉት ማዕረጎች የሚተዳደሩት በርእሰ ከተማው የቦክስና የነፃ ትግል ኮሚሽን ቁጥጥር ነው። ትግለኛው ወደ ቀለበቱ የሚገባው ከኮሚሽኑ ፈቃድ ሲያገኝ ነው። የወንዶቹ ብሔራዊ ማዕረጎች በየክብደት ደረጃው የተቋቋሙ ሲሆን፣ ኤል ሳንቶ ራሱ በ1943 የዌልተር ሚዛን ብሔራዊ ሻምፒዮን ነበር። እንግዲህ ፈቃድ ሰጪው አካል ፈቃድ የከለከለ ዕለት፣ ትግለኛው ምንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን፣ ሊገጥመው የሚችለው ባላጋራ አይኖርም ማለት ነው።

የ1955 ሁለት ገጽታዎች

የሜክሲኮ ሴቶች በአገር አቀፍ ምርጫ የመምረጥና የመመረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ የተረጋገጠላቸው በጥቅምት ወር 1953 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ መብት ተጠቅመው ድምፃቸውን የሰጡት ደግሞ ሐምሌ 3 ቀን 1955 ነበር። ብሔራዊ የሴቶች ሻምፒዮንነት የተቋቋመው በዚሁ ዓመት መሆኑ ትኩረት የሚስብ ነው። የመጀመሪያዋ ባለማዕረግ «ላ ዳማ ኤንማስካራዳ»፣ ማለትም «ጭምብል ለባሿ እመቤት»፣ ተብላ የምትታወቀው ትግለኛ ነበረች። ከእርሷ በኋላ ማዕረጉን የያዘችው ኢርማ ጎንሳሌስ ስሟ ከሴቶች ነፃ ትግል ጋር ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ተያይዞ ኖረ። ኢርማ ከቻቤላ ሮሜሮ ጋር ያደረገቻቸው ተደጋጋሚ ግጥሚያዎችም በየክፍለ ሀገሩ የሚወሱ ሆነው ቀሩ።

ሆኖም በዚያው ዘመን የሜክሲኮ ከተማ አስተዳደር በሌላ አቅጣጫ ይጓዝ ነበር። ከ1952 እስከ 1966 ከተማይቱን ያስተዳደረው ኤርኔስቶ ኡሩቹርቱ «የብረቱ አስተዳዳሪ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ሰው ነው። ገበያዎችን አሠርቷል፤ መንገዶችን አስፍቷል። በሌላ በኩል ግን በሥነ ምግባር ስም የምሽት ክበቦችን አዘግቷል፤ የመዝናኛ ቤቶችን ሰዓት ቆርጧል። ነፃ ትግል በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ የታገደውም፣ ሴቶች በርእሰ ከተማው እንዳይታገሉ የተከለከለውም በዚሁ በ1950ዎቹ ነው። በወረቀት ድምፅ እንድትሰጥ የተፈቀደላት ሴት በገዛ አካሏ መድረክ ላይ መቆም «ነውር» ተባለባት።

ይህ ክልከላ የወንዶቹን ትርዒት አልነካም። አሬና ሜክሲኮ ያን ሁሉ ሕዝብ እየሰበሰበ ደም የሚፈስባቸውን ግጥሚያዎች ሲያሳይ የሥነ ምግባር ጥያቄ አልተነሣም። ስለዚህም የተከለከለው የትርዒቱ ጭካኔ ሳይሆን የሴቷ ኃይል ነበር ለማለት ይቻላል። ተመልካቹ ስትወድቅ አይቶ እንዲያዝንላት ሳይሆን፣ ስትጥል አይቶ እንዲያጨበጭብላት የምትጠይቅ ሴት ለዘመኑ ሹማምንት አስቸጋሪ ሆና ተገኘች።

ጥላው ሲፈቀድ አካሉ ሲከለከል

የዚህ ዘመን ትልቁ ምፀት የታየው በሲኒማ ቤት ነው። በ1963 «ሴት ትግለኞች ከነፍሰ ገዳዩ ሐኪም ጋር» የሚል ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ሬኔ ካርዶና ያዘጋጀው ይህ ፊልም ሎሬና ቬላስኬስና ኤሊሳቤት ካምቤል የሴት ትግለኞችን ገጸ ባሕርይ ወክለው የተጫወቱበት ሲሆን፣ ተከታዩም በ1964 ወጣ። የሴት ትግለኛ ጥላ በሸራ ላይ ሊታይ ተፈቅዶ ነበር፤ እውነተኛዋ ትግለኛ ግን በዚያው ከተማ ቀለበት ውስጥ ልትገባ አትችልም ነበር። ለትርዒት የኖረ ሰው የዚህን መራራነት ያውቀዋል።

የክልከላው ሥልጣን ግን ከፌዴራል ዲስትሪክቱ ወሰን አያልፍም። ስለዚህ ማዕረጉ ወደ ክፍለ ሀገር ተሰደደ። ሴት ትግለኞች ጓዛቸውን በአውቶቡስ ጭነው ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከበሬ ትግል አደባባይ ወደ ትንንሽ አዳራሾች እየተዘዋወሩ ኖሩ። በርእሰ ከተማው የሚታተሙት ጋዜጦች ዓይን እዚያ ድረስ እምብዛም ስለማይደርስ፣ የዚያ ዘመን የማዕረጉ መዝገብ ክፍተት የበዛበት ነው። የወንዶቹ ቀበቶ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ በቀንና በቦታ ተጽፎ ሲገኝ፣ የሴቶቹ በዝናና በትዝታ የተንጠለጠለ ሆኖ ቀርቷል። ክልከላ ሰውን ከመድረክ ብቻ ሳይሆን ከታሪክ መዝገብም እንደሚያስወጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ክልከላው ግን ከከተማው አስተዳዳሪ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ከቤትም ነበረ። ኢርማ ጎንሳሌስ እጮኛዋ ትግሉን እንድትተው በጠየቃት ጊዜ፣ ከኤል ሳንቶ ፈቃድ አግኝታ በብርማ ጭምብል «ላ ኖቪያ ዴል ሳንቶ»፣ ማለትም «የሳንቶ እጮኛ»፣ በሚል ስም መታገሏን እንደ ቀጠለች ይነገራል። ወንዶቹ ጭምብል የሚለብሱት ምስጢራቸው እንዲያስፈራ ነው። ለእርሷ ግን ጭምብሉ ሥራዋን የምትሠራበት መጠለያ ሆነላት። ፊቷን ሸሽጋ ማንነቷን ያዳነች ተዋናይት ናት።

ሌሎቹ ደግሞ ባሕር ተሻገሩ። በጃፓን የሴቶች ነፃ ትግል ሰፊ ተመልካች ስለ ነበረው የሜክሲኮ ሴቶች በዚያ በክብር ይጋበዙ ነበር። በ1983 «ላ ጋላክቲካ» የተባለችው ሜክሲካዊት ጃፓናዊቷን ጃጓር ዮኮታን በገዛ አገሯ አሸንፋ፣ የጃፓኑ የሴቶች ድርጅት የሚሰጠውን የዓለም ማዕረግ ለጥቂት ሳምንታት ይዛለች። በዚያን ዓመት የዓለም ሻምፒዮኗ በጃፓን ስትከበር፣ በሜክሲኮ ከተማ የመታገል ፈቃድ አልነበራትም።

ከዚህም ይልቅ የሚያስገርመው የ1975ቱ ሁኔታ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ያን ዓመት ዓለም አቀፍ የሴቶች ዓመት ብሎ ሲሰይም፣ የመጀመሪያው የዓለም የሴቶች ጉባኤ ከሰኔ 19 እስከ ሐምሌ 2 የተካሄደው በሜክሲኮ ከተማ ነው። ወንድና ሴት በሕግ ፊት እኩል መሆናቸው በአገሪቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ የሰፈረው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነበር። የእኩልነት ንግግር በጉባኤው አዳራሽ ሲሰማ፣ የሴቶች ብሔራዊ ሻምፒዮን ግን በዚያች ከተማ ቀበቶዋን ታጥቃ መግጠም አትችልም ነበር። ሕግ በአንቀጽ የሚሰጠውን ልማድ በፈቃድ ወረቀት ሊነጥቅ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያሳያል።

የተመለሰው መድረክ

ክልከላው የተነሣው በ1986 ነው። ኤል ሳንቶ የካቲት 5 ቀን 1984 አርፎ ከነጭምብሉ ከተቀበረ ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። በወጣትነታቸው ከመድረኩ የተባረሩት ሴቶች እኩሌቶቹ ጡረታ ወጥተው፣ እኩሌቶቹ ጉልበታቸው ደክሞ ቆያቸው። የጉልምስና ዘመናቸውን የሚመልስ አዋጅ አልነበረም። መንገዱን ይዘው የቀጠሉት እንደ ሎላ ጎንሳሌስ ያሉት ተከታዮቻቸው ናቸው። የሉተሮት ድርጅት ስሙን «የዓለም የነፃ ትግል ምክር ቤት» ብሎ ከለወጠ በኋላ በ1992 የዓለም የሴቶች ሻምፒዮንነት ሲያቋቁም፣ የመጀመሪያዋ ባለማዕረግ ጃፓናዊቷ ቡል ናካኖ ሆነች። በስደት ዘመን ለሜክሲኮ ሴቶች መድረክ የሰጠችው አገር ልጅ መጥታ በሜክሲኮ ቀበቶ መታጠቋ እንደ ብድር መመለስ ሊቆጠር ይችላል።

ብሔራዊው ማዕረግም አልጠፋም። ከ2000 ወዲህ ፕሪንሴሳ ሱጌይት፣ ፕሪንሴሳ ብላንካ፣ ኤስትሬዪታና ሴውክሲስ በየተራ ታጥቀውታል። በመስከረም 2017 በአሬና ሜክሲኮ በተከበረው የድርጅቱ 84ኛ ዓመት ትርዒት ላይ ሱጌይትና ሴውክሲስ ጭምብላቸውን አስይዘው ገጠሙ፤ ሴውክሲስም ተሸንፋ ፊቷን ለሕዝብ ገለጠች። እናቶቻቸው ለመሥራት ሲሉ ፊታቸውን በሸሸጉባት አገር፣ ልጆቻቸው በርእሰ ከተማው ትልቁ መድረክ ላይ ፊታቸውን በክብር ለመግለጥ በቁ። በሐምሌ 2018 የሜክሲኮ ከተማ አስተዳደር ነፃ ትግልን የከተማይቱ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ አድርጎ ሰየመ። ያው ከተማ በአንድ ዘመን ነውር ያለውን በሌላ ዘመን ቅርስ ብሎ ተቀበለው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ለትግል አፍቃሪዎች ብቻ የሚሆን አይደለም። ሕዝባዊ ትርዒት በሹማምንት ዓይን ብዙ ጊዜ የሚናቅ ይሁን እንጂ፣ ማን በመድረክ ላይ መቆም እንደሚገባው የሚወሰንበት አደባባይ ነው። የመድረክ በር የተዘጋበት ሰው ስሙ ቢጠራም ምስክር አያገኝም። የሜክሲኮ ሴት ትግለኞች ያቆዩት ቀበቶ ከቆዳና ከብረት የተሠራ ቀላል ዕቃ ነው። ክብደቱን የሰጡት ርእሰ ከተማው በነፈጋቸው ዓመታት ሁሉ በየክፍለ ሀገሩ አዳራሽ፣ ለጥቂት መቶ ተመልካች፣ የብሔር ሻምፒዮን ሆነው መታገላቸውን ያላቋረጡት ሴቶች ናቸው።