ከአልበርት ሐይቅ እስከ ኪ ላርጎ

ፍሎሪዳ ውስጥ ኪ ላርጎ በምትባለው ደሴት አንዲት አሮጌ የብረት ጀልባ አለች። ርዝመቷ ዘጠኝ ሜትር ያህል ነው። ሽርሽር ያማረው ሰው ቲኬት ቆርጦ ይሳፈርባታል፤ እርሷም በእንፋሎት ኃይል እየተነፈሰች በቦዩ ላይ ታንሸራሽረዋለች። ተሳፋሪው የሚመጣው ግን ሀምፍሬይ ቦጋርትና ካትሪን ሄፕበርን በተቀመጡበት ለመቀመጥ ነው። «አፍሪካን ኩዊን»፣ ማለትም «የአፍሪካ ንግሥት» የምትባለዋ የፊልም ጀልባ እርሷ ናትና።

ንግሥትነቱ የመጣላት ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ካገለገለች በኋላ ነው። በ1912 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ አገር ስትሠራ ስሟ «ሊቪንግስተን» ነበር። የብሪታንያ የምሥራቅ አፍሪካ ባቡር ድርጅት ንብረት ሆና በአልበርት ሐይቅና በቪክቶሪያ ናይል ላይ ጭነት፣ ሚስዮናውያንና አዳኞች ታመላልስ ነበር። ከአልበርት ሐይቅ የሚወጣው ውኃ ነጭ ዓባይ ሆኖ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ ጀልባዋ ለእኛም ጨርሳ ባዕድ አይደለችም።

በ1951 የፊልም አዘጋጁ ጆን ሂውስተን የሲ. ኤስ. ፎረስተርን የ1935 ልብ ወለድ ይዞ ኮንጎና ዩጋንዳ ገባ። ታሪኩ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ መጠጥ ወዳድ ጀልበኛና አንዲት የሚስዮናዊ እህት በአሮጌ ጀልባ ወንዝ ወርደው የጀርመን የጦር መርከብ ለማስጠም ሲነሡ የሚያሳይ ነው። ከቀረጻው ቡድን ብዙዎቹ በውኃው ምክንያት በተቅማጥ ሲማቅቁ፣ ቦጋርትና ሂውስተን ውስኪ ብቻ እየጠጡ ደህና ሰነበቱ ይባላል። ቦጋርት በዚህ ፊልም የኦስካር ሽልማት አገኘ።

ለልብ ወለዱ መነሻ የሆነው እውነተኛው ታሪክ ግን ከፊልሙ ይበልጥ ይገርማል። በ1915 እንግሊዞች በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ ጀርመኖችን ለመውጋት ሁለት የሞተር ጀልባዎች ላኩ። መሪው ጄፍሪ ስፓይሰር ሲምሰን መጀመሪያ «ድመት»ና «ውሻ» ሊላቸው ፈልጎ አለቆቹ ቢከለክሉት፣ በፈረንሳይኛ የቁልምጫ ስም «ሚሚ»ና «ቱቱ» አላቸው። እነዚህ እያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ሜትር ያህል የሆኑ ጀልባዎች በመርከብ እስከ ኬፕታውን፣ ከዚያ በባቡር ወደ ኮንጎ ተጓዙ። ሐዲዱ ሲያልቅ በእንፋሎት ትራክተር፣ በበሬና በአፍሪካውያን ጉልበት ተስበው የሚቱምባን ተራሮች ተሻገሩ። ጀልባ ተራራ ሲወጣ ያስቡት፤ መንገዱን የጠረገው፣ ገመዱንም የጎተተው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በታኅሣሥ 1915 «ኪንጋኒ» የተባለችውን የጀርመን መርከብ ማረኩ፤ በየካቲት 1916 «ሄድቪግ ፎን ቪስማን»ን አሰጠሙ። በፊልሙ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ሁለት ነጮችና አንዲት ጀልባ ናቸው።

«ሊቪንግስተን» ከቀረጻው በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ተሸጣ ወደ አሜሪካ የሄደችው በ1968 ነው። እዚያም ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ቆይታ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ጠበቃ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በግጦሽ መስክ ላይ ተጥላ አግኝቶ ገዛት። በ1992 በአሜሪካ የታሪካዊ ቅርሶች መዝገብ ገባች። በ2012 የእንፋሎት ማመንጫዋ ተለውጦ፣ የዛገው አካሏም ታድሶ እንደገና መንገደኛ ጫነች።

እንደ እኔ እንደ እኔ ይህ መልካም ሥራ ነው፤ ያልተንቀሳቀሰች ጀልባ ዝጋ ታልቃለች። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። በአፍሪካ ውኃ ላይ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሠርታ፣ ተወዳጅነቷና ገበያዋ የቆመው በጥቂት ሳምንታት ቀረጻ ላይ ነው። አንድ ቀን ኪ ላርጎ ብደርስ ገንዘቤን ከፍዬ እሳፈራለሁ። ቦጋርት የት እንደተቀመጠ ግን አልጠይቅም። የምጠይቀው በአልበርት ሐይቅ ዳር፣ በቡቲያባ ወደብ፣ ማለዳ ተነሥቶ እሳቷን ያቀጣጥል የነበረው ሰው ማን ይባል እንደነበር ነው።