ከንቲባው፣ ሽልማቱና የ1997ቱ ድምፅ

“ባለቤቱ ያላከበረውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም” ይላሉ አባቶቻችን። በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ነዋሪው በድምፁ ያላከበረውን የከተማ አስተዳደር መሪ፣ የውጭው ዓለም በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት (2005) ለዓለም ከንቲባ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ አደረጋቸው። ለመሆኑ የተሳሳተው ማን ነው?

ለእውነት መመስከር ተገቢ ነው። አቶ አርከበ ዕቁባይ በ1995 ዓ.ም. ሲሾሙ የተረከቡት ከተማ የታመመ ነበር። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ የቀበሌ ቤት ጠጋኝ አጥቶ አርጅቷል። ሕዝቡ ግን ይበዛ ነበር። በ1987 ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን የነበረው ነዋሪ በ1999 ወደ 2.7 ሚሊዮን ደርሷል። አስተዳደሩ ከተማዋን በ10 ክፍለ ከተሞች አደራጀ። በ1996 ገርጂ ላይ በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ሙከራም ወደ ሰፊ ፕሮግራም አደገ። የቀለበት መንገዱ ከሳቸው በፊት የተጀመረ ቢሆንም፣ የመንገድ ሥራው በሳቸው ዘመን መቀጠሉን መካድ አይቻልም።

ይሁንና ግንቦት 7 ቀን 1997 ሕዝቡ ከ138 የምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። በእርግጥ ምርጫው አገር አቀፍ ስለነበር ድምፁ በከንቲባው ሥራ ላይ ብቻ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። ነገር ግን አስፋልቱ ድምፅ እንዳልገዛ ግልጽ ነው። በአጼዎቹ ዘመን ከንቲባ የሚሾመው ንጉሡ ነበር፤ አቶ አርከበም የመጡት በሹመት ነው። ቤቱ ሲፈርስ ያልተጠየቀ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ቅድሚያ ክፍያውን ያጣ ድሃ፣ ልማቱን እያየ ልማቱ የኔ ነው ለማለት ይቸገራል።

ቀጥሎ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ለከንቲባነት የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ በ1998 ታሰሩ፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት ለባለአደራ አስተዳደር ተሰጠች። በዚህም ኪሳራው እጥፍ ሆነ። የሠራው በመራጩ ፊት ቆሞ ስለ ሥራው አልተጠየቀም፤ የተመረጠውም ሠርቶ አልተፈተነም።

እኛ በውጭ ያለን ምሁራን ታዲያ ከሁለት ጎራ አንወጣም። አንዱ ወገን መንገድ ይቆጥራል፣ ሌላው መንገዱን ጭምር ይክዳል። የ1997 መራጭ ግን ከሁለታችንም የበለጠ አስተዋይ ነበር። በተሠራው መንገድ እየተጓዘ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄደ፤ “ሥራህን አይቻለሁ፣ ሿሚው ግን እኔ ልሁን” አለ። የከተማ ታሪክ ስንጽፍ ከሕንፃው ቁጥር ጎን ይህንንም ድምፅ እንመዝግበው።