አውጫጭኝና ዘበኛ፤ የአጥቢያው ሕዝብ በጸጥታ ጥበቃ ላይ ስለ ነበረው ቁጥጥር

ስለ አገራችን አስተዳደር የተጻፉት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚናገሩት ስለ ነገሥታትና ስለ መኳንንት፤ ስለ ዘመቻና ስለ ግብር ነው። ነገር ግን ለአንድ ገበሬ መንግሥት ማለት ከሁሉ አስቀድሞ በሬው በሌሊት ሲሰረቅበት የሚፈልግለት፤ ቤቱ ሲቃጠልበት አቃጣዩን የሚያወጣለት ኃይል ነው። ስለዚህ ጸጥታን ይጠብቅ የነበረው ማን ነው? የጠባቂውንስ ሥራ ይመረምር የነበረው ማን ነው? የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች የአስተዳደር ታሪክ ዋና ጥያቄዎች ሊሆኑ ይገባል። ከእነዚህም ይልቅ የተዘነጋው ሁለተኛው ነው። በዚህ ጽሑፍ ከጥንቱ የአውጫጭኝ ሥርዓት ዠምረን እስከ ዘመናዊው ፖሊስ ድረስ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ እንከተላለን።

አውጫጭኝ ማለት ቃሉ ራሱ እንደሚያመለክተው የተሰወረውን ነገር ከሕዝብ አፍ ማውጣት ነው፤ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ፤ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው በስውር ሲገደል አድራጊው ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ፤ የተበደለው ሰው ለአጥቢያው ሹም ያመለክታል። ሹሙም የአጥቢያው ሰው ሁሉ በተወሰነ ቀንና በተወሰነ ቦታ እንዲሰበሰብ ያስነግራል። ሳይመጣ የቀረ ሰው መቀጫ ይከፍላል። ሕዝቡም ከተሰበሰበ በኋላ ከመካከሉ የታመኑ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ። እያንዳንዱም ሰው በየተራው ወደ ሽማግሌዎቹ ቀርቦ ያየውንና የሰማውን እንዳይሸሽግ በሃይማኖቱ ይምላል፤ ከዚያም የሚያውቀውን ይናገራል። በቀልን የሚፈራ ሰው ስሙ እንዳይገለጥ ምስክርነቱን በምስጢር ይሰጥ ነበር፤ እንዲህ ያለውም ምስክር «ወፍ» ይባል ነበር። በአንድ ቀን ያልወጣው ነገር በሌላ ቀን እየተሰበሰቡ ይመረመራል። በመጨረሻም ወንጀለኛው ካልተገኘ፤ የጠፋውን ንብረት የአጥቢያው ሰዎች በሙሉ አዋጥተው ይከፍላሉ።

ይህን ሥርዓት የሩቅ ተመልካች እንደ ተራ ስብሰባ ሊያየው ይችላል። ዳሩ ግን ሦስት ታላላቅ ነገሮች ነበሩበት። አንደኛ፤ ምርመራው የሚደረገው ሕዝቡ በተሰበሰበበት እንጂ ሹሙ ብቻውን በተቀመጠበት ቤት አልነበረም። ሁለተኛ፤ ነገሩን የሚሰሙት ሽማግሌዎች ከሕዝቡ የተመረጡ እንጂ በሹመት የመጡ አልነበሩም። ሦስተኛ፤ ወንጀለኛው ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ ጉዳቱ የሚወድቀው በሁሉ ላይ ስለ ነበረ፤ እያንዳንዱ ነዋሪ የጎረቤቱን ጸጥታ እንደ ራሱ ጥቅም ለመጠበቅ ይገደድ ነበር። ስለዚህ ጠባቂውና ተጠባቂው አንድ ሕዝብ ነበር ማለት ይቻላል።

የሥርዓቱም ጉድለት ቀላል አልነበረም። በስውር የሚሰጥ ምስክርነት ለእውነተኛው ሰው ጋሻ እንደ ሆነ ሁሉ፤ ለቂመኛውም ጦር ይሆንለታል። የተወነጀለውም ሰው ማን እንደ ከሰሰው ሳያውቅ እንዴት አድርጎ ራሱን ይከላከላል? ደግሞም በእርሻ ወራት ገበሬውን ከሞፈሩ አላቆ በስብሰባ ላይ ማዋል ዕዳ ነበር። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን የመቀጫው ነገር ነው፤ ከቀሪዎች የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሹሙ ገቢ በሆነበት ስፍራ፤ ሹሙ ስብሰባውን በመጥራቱ ብቻ ይጠቀማል። ሌባው ቢገኝም ባይገኝም እርሱ አይጎዳም።

ከአውጫጭኝ ጎን የሌባ ሻይን ሥራ ብናስተያይ ልዩነቱ ይገለጣል። ሌባ ሻይ የተባለው ሹም ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥቶ፤ በወገቡ መቀነት አስሮ ይለቀዋል። ልጁም እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። በአውጫጭኝ ዕውቀቱ የሚመነጨው ከሕዝቡ ነው፤ በሌባ ሻይ ግን ዕውቀቱ የአንድ ባለሥልጣን ምስጢር ነው። መድኃኒቱ ምን እንደ ሆነ፤ ልጁስ ለምን በዚያ ቤት እንደ ወደቀ የሚጠይቅ የለም። ጥያቄ የማይቀርብበት ምርመራ ደግሞ ባለጠላውን ለማጥቃት፤ ባለገንዘቡን ለማስፈራራት የተመቸ መሣሪያ ይሆናል።

በመንገድና በገበያም ቢሆን ጸጥታ የሹም ብቻ ሥራ አልነበረም። የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ወይም በንጉሡ ስም አምሎ ሲጮህ፤ የተጠራው ሰው ከቆመበት ሊንቀሳቀስ አይገባውም ነበር። የሚያልፈውም መንገደኛ ሁለቱን ያዳምጥና እንደ ዳኛ ይፈርዳል፤ ካልተስማሙም ወደ ሹሙ ይወስዳቸዋል። ዋስ ያጣ ተከሳሽ ደግሞ ከከሳሹ ጋር በልብስ ጫፍ ወይም በሰንሰለት ተቆራኝቶ ይሄድ ነበር። ይህም ቁራኛ የሚባለው ነው። በእስር ቤትና በደመወዝተኛ ዘበኛ ምትክ ከሳሹ ራሱ የተከሳሹ ጠባቂ ነበር። ከሳሽም ተከሳሽም በአንድነት ስለሚጉላሉ፤ ነገሩ ቶሎ እንዲቆረጥ ሁለቱም ይፈልጉ ነበር።

እንግዲህ ሕዝቡ በምርመራው ላይ ይህን ያህል ድርሻ ካለው፤ በሹሙ ላይስ ምን ሥልጣን ነበረው? የሥርዓቱ ደካማ ቦታ እዚህ ላይ ነው። ጭቃ ሹሙም፤ ምስለኔውም፤ ገዢውም በወር ደመወዝ የሚኖሩ አልነበሩም። የሚኖሩት ከመሬቱ በሚገኘው ግብርና አገልግሎት፤ እንዲሁም ከዳኝነት በሚገኘው ገንዘብ ነበር። በችሎት ፊት ተከራካሪዎች በማር፤ በበቅሎ ወይም በፈረስ ሲወራረዱ የውርርዱ ዋጋ የሚገባው ለዳኛው ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተነገረው በከንቱ አይደለም። ሹሙ ሥልጣኑን እንደ አደራ ሳይሆን እንደ መኸር እንዲቆጥረው ያደረገው የራሱ ክፋት ብቻ ሳይሆን የአተዳደሩ ሥርዓት ነበር። በደል የደረሰበት ሰው ይግባኝ እያለ ከታችኛው ዳኛ ወደ ላይኛው፤ በመጨረሻም ወደ አፈ ንጉሡና ወደ ዙፋን ችሎት ሊደርስ ይችል ነበር። ይህ መብት እውነተኛ መብት ነበር፤ ዳሩ ግን ከሩቅ አገር ለሚመጣ ድኻ የሳምንታት ጉዞና የስንቅ ጉዳይ ነበር። ሹሙን የሚሽረው የሾመው እንጂ የሚተዳደርበት ሕዝብ አልነበረም። ስለ ላይኛውም ሥልጣን «ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» ተብሎ ነበር።

ከተማ በተቆረቆረ ጊዜ ግን ይህ የአጥቢያ ሥርዓት ብቻውን ሊበቃ አልቻለም። አውጫጭኝ የሚሠራው ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት አገር ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ. ም. ወዲህ ከየአገሩ የመጣ ወታደር፤ ነጋዴ፤ የእጅ ሠራተኛና የውጭ አገር ሰው በአንድ ላይ ሰፈረ። ስለዚህ በገበያው ዙሪያ የአራዳ ዘበኛ የሚባለው ጠባቂ ቆመ፤ ይህም የኋለኛው የከተማ ፖሊስ መነሻ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ. ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፤ የአገር አስተዳደርና የዳኝነት ሥራ በየክፍሉ እንዲለይ ጥረት ተዠመረ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተደረገውና በመልእክተኛው በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚታወቀው ውል፤ የፈረንሳይ ዜጎች ጉዳይ ቆንስላቸው ባለበት እንዲታይ አደረገ። ሌሎችም መንግሥታት በዚሁ ውል ተጠቀሙ። በዚህ ምክንያት በአንድ ገበያ ላይ የቆመው ዘበኛ ኢትዮጵያዊውን ለመያዝ ሲችል፤ በውጭ አገር ዜጋ ላይ ግን ሥልጣኑ የታሰረ ሆነ። የዘበኛውን ሥራ የሚቆጣጠር ሁለተኛ ኃይል በከተማይቱ ተገኘ፤ ነገር ግን ይህ ኃይል የከተማይቱ ሕዝብ ሳይሆን የውጭ አገር ቆንስላ ነበር።

ጸጥታ በሹምና በንጉሥ አካል ላይ ብቻ ሲመሠረት ምን ያህል ተሰባሪ እንደ ሆነ በ1928 ዓ. ም. ታየ። በጥንቱ ልማድ ንጉሥ ሲሞት ሁከት እንዳይነሣ «የሞትንም እኛ፤ ያለንም እኛ» የሚል አዋጅ ይነገር የነበረው፤ ሰላሙ የንጉሡ ሰላም ሆኖ ይቆጠር ስለ ነበረ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ሲወጡ እንዲህ ያለ የሚያረጋጋ አዋጅ አልነበረም፤ ከተማይቱም ለዘረፋና ለእሳት ተጋለጠች። ብዙ የውጭ አገር ሰዎች በየሌጋሲዮኑ፤ ይልቁንም በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ተጠጉ። ሁከቱ የኢጣልያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስከ ገባ ድረስ ቆየ። ባለሥልጣኑ ሲሄድ አብሮት የሚሄድ ጸጥታ የመንግሥት ሥራ ሊባል እንደማይችል ይህ የሦስት ቀን ታሪክ ያስረዳል።

ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የተወሰደው እርምጃ ይህን ጉድለት ለመሙላት ነበር። በ1934 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 6 የኢትዮጵያ ፖሊስ ሠራዊት በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት የወጣውም የአስተዳደር ድንጋጌ ገዢዎችን የመንግሥት ደመወዝተኞች አደረጋቸው። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ጸጥታ አስከባሪው ከያዘው ሰው ኪስ መብላቱ በሕግ ቀረ። ዳሩ ግን ከጥቅሙ ጋር አንድ ጉዳት ተያይዞ መጣ። የጠቅላይ ግዛቱ የፖሊስ አዛዥ በአንድ ወገን ለፖሊስ ጠቅላይ መምሪያ፤ በሌላ ወገን ለጠቅላይ ገዢው ይታዘዝ ነበር። ስለዚህ ተጠያቂነቱ በሁለቱም መንገድ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ወደ ታች ወደ አጥቢያው ሕዝብ የሚወርድ መንገድ አልነበረውም። በ1937 ዓ. ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች የወጣው አዋጅ ለከተማ ጉባኤዎች በከተማው ሥራ ላይ ድርሻ ቢሰጥም፤ ፖሊሱ የሚኒስቴሩ እንደ ሆነ ቀረ። ሽማግሌው ከመርማሪነቱ ወርዶ ምስክር ብቻ ሆነ።

ለአጥቢያው የተረፈለት የአጥቢያ ዳኝነት ነው። በ1939 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 90 የአጥቢያ ዳኞች ተሾሙ። በ1954 ዓ. ም. የወጣውም የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፤ የአጥቢያ ዳኛ ስድብን፤ ቀላል ድብደባን፤ በንብረት ላይ የደረሰ ጥቂት ጉዳትንና ዋጋው ከ5 ብር የማይበልጥ ስርቆትን በተቻለው መጠን በእርቅ እንዲጨርስ፤ እርቅ ካልሆነለት ከሁለት አማካሪዎች ጋር ተቀምጦ እስከ 15 ብር መቀጫ እንዲፈርድ ፈቀደለት። በእነዚያ ሁለት አማካሪዎች የአውጫጭኙ ሽማግሌዎች ጥላ ይታያል። በፖሊሱ ላይ ያለው ቁጥጥር ግን ለፍርድ ቤት ተሰጠ፤ በ1948 ዓ. ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ። በጽሑፍ የታየው ይህ መብት ፍርድ ቤቱ ሩቅ በሆነበት ስፍራ ሁሉ እንደ ጥንቱ ይግባኝ የጉዞና የስንቅ ጥያቄ ነበረበት።

ከ1966 ዓ. ም. አብዮት በኋላ ጥበቃው እንደገና ወደ አጥቢያው የተመለሰ መሰለ። በ1967 ዓ. ም. በወጡት አዋጆች የገበሬ ማኅበራትና የከተማ ቀበሌዎች ተመሠረቱ፤ ቀጥሎም የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ጓድ ተደራጀላቸው። አንድ ሰው ይህን ሲያይ አውጫጭኝ ተመለሰ ሊል ይችላል። ነገር ግን በ1969ና በ1970 ዓ. ም. በቀይ ሽብር ጊዜ የሆነው ተቃራኒው ነው። ጠቋሚው፤ ያዡ፤ መርማሪውና ፈራጁ በአንድ ቀበሌ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡ፤ መሣሪያውም በእጃቸው ነበረ። የጎረቤት ዓይን የነበረው ጥበቃ የጎረቤት ሞት ሆነ። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶችም ሳይፈረድባቸው አለቁ።

ከዚህ የምንማረው፤ ጥበቃው ለሕዝቡ መቅረቡ ብቻ ቁጥጥር ሊባል እንደማይችል ነው። አውጫጭኝ በደኅናው ቀን የሠራው ቅርብ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን ሥራው የተከፋፈለ ስለ ነበረ ነው፤ ሹሙ ይጠራል፤ ሕዝቡ ይናገራል፤ ሽማግሌው ይሰማል፤ ዳኛው ይፈርዳል። የተበላሸውም ሹሙ ከመቀጫው በበላበትና የወፉ ቃል ሳይመረመር በታመነበት ስፍራ ነው። የ1934ቱ ፖሊስ የመብላቱን በር ዘጋ፤ የሕዝቡንም በር አብሮ ዘጋው። ቀበሌው የሕዝቡን በር ከፈትኩ አለ፤ የሥራውን ክፍፍል ግን አጠፋ። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ለክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ የማደራጀት ሥልጣን ሲሰጥ፤ የ48 ሰዓቱንም ድንጋጌ ሲደግም፤ ያው የጥንቱ ጥያቄ በአዲስ መልክ ቀረበ፤ የቀረበው ፖሊስ ለቀረበለት ሕዝብ መልስ የሚሰጠው በምን መንገድ ነው?

ይህን ጥያቄ የሕግ መጻሕፍት ብቻ ሊመልሱት አይችሉም። የአውጫጭኝን ሥርዓት ከአባቶቻቸው የሰሙ አረጋውያን በየአውራጃው አሉ። የስብሰባው ቦታ የት እንደ ነበረ፤ ሽማግሌዎቹ እንዴት እንደ ተመረጡ፤ የመሐላው ቃል ምን እንደ ነበረ፤ መቀጫውን ማን እንደ ወሰደው፤ በሐሰት የተወነጀለውስ ሰው በምን እንደ ተካሰ ተጠይቆ ሊጻፍ ይገባል። ከእነዚህም ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የመቀጫው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ከስብሰባው የሚጠቀም ሰው በታወቀበት አጥቢያ፤ ስብሰባው ለማን እንደ ተጠራም ይታወቃልና።