አሰላ፦ ሥራ፣ ገቢና ድህነት

አሰላ የአርሲ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ 67,269 ነዋሪ ነበራት።

የከተማዋ ገቢ ከገጠሩ ስንዴና ገብስ አይነጠልም። በስዊድን ድጋፍ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር አምጥቷል። ምርቱ ሲያድግ ግን ባለርስቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኞችን ከመሬት አፈናቀሉ። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት አስቀረ።

በ1970ዎቹ የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ለቢራ ጠማቂዎች ብቅል ያቀርባል፤ ለአርሲ ገበሬም የብቅል ገብስ ገበያ ሆኖለታል። መንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ አርሲ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ ደግሞ ወር ጠብቆ የሚከፈል ደመወዝ ያስገኛሉ።

ከዚያ ውጭ ያለው ኑሮ ወቅትን ይከተላል። በመኸር ኮምባይነር በሚያጭድበት ማሳ ላይ የአጫጅ ቀን ሠራተኛ ድርሻ ይቀንሳል፤ ጆንያ ጫኝና አውራጅ ግን ሥራ ያገኛል። ባጃጅ፣ ጉሊትና ጠላ ሽያጭ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ከድህነት ወለል በታች የነበሩት 23.5 በመቶ ሲሆኑ በከተሞች 14.8 በመቶ ነበሩ። የከተማው አኃዝ ዝቅ ቢልም፣ መሬት የሌለው ተከራይ የጤፍና የስንዴ ዋጋ ሲንር የሚሸሽበት ጎተራ የለውም።