የጎጃም መንገድና የመኪና መሪ

በጎጃም ደጋ የመኪና መሪ ጥገና ዕድሜው ከመንገዱ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም። አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት የጎጃም እህል፣ ቅቤና ማር ዓባይን የሚሻገረው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ነበር። ምክንያቱ በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው በረሃ ነው። መንገዱ ከሸዋው ደጋ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ይሻገርና ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል፤ ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው መጠምዘዣ ነው። እዚያ ላይ ሞተር ቢጠፋ መኪናው ይቆማል፤ ፍሬን ቢግል በከባድ ማርሽ ይያዛል። መሪ ከከዳ ግን ምትክ የለውም።

ይህን ገደል ለጭነት መኪና የከፈተው በ1928 ዓ.ም. የመጣው የጣሊያን ወራሪ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ የጠረገው ለጦሩና ለስንቁ ነበር። መንገዱን የሞሉት እንደ ፊያት 634 እና ላንቺያ ሮ ያሉ የናፍጣ መኪኖች ሲሆኑ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነው። የጣሊያን ፋብሪካዎች ከባድ መኪናን በዚህ መልክ የሚሠሩት በተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ የገደሉን አፋፍ አጥርቶ እንዲያይ ነበር። የዘይት ግፊት እገዛ የሚባል ነገር ያኔ የለም። መሪው ሰፌድ አክሎ ይሠራ የነበረው የሹፌሩ ትከሻና ክንድ ብቻ ያን ሁሉ ክብደት ማዞር ስለነበረበት ነው።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ብዙ መኪኖች እዚሁ ቀሩ፤ ከመካኒኮቹም የቀሩ ነበሩ። ጋራዥ ከፍተው ኢትዮጵያውያን ልጆችን ቀጠሩ፤ ልጆቹም ቁልፍ ከማቀበል ጀምረው ሞተር እስከ መበተን ደረሱ። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተው ተግባረ እድ ትምህርት ቤት ሙያውን በክፍል ማስተማር ቢጀምርም፣ የክፍለ ሀገሩ መካኒክ ባመዛኙ የሠለጠነው መኪና ሥር ተኝቶ ነው። ለዚህም ነው ዛሬም የጋራዡ ቋንቋ ቴስቲኒ (የመሪ ኳስ መገጣጠሚያ)፣ ቲራንቴ (የመሪ መግፊያ ዘንግ)፣ ብራቾ (ክንድ)፣ ቦኮላ (ቡሽ)፣ ዳዶ (የቡሎን ፍሬ)፣ ግራሶ (ቅባት) የሆነው።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ የተገኘ ብድርም የተጎዱ መንገዶችን ለመጠገን ዋለ። መንገዱ ሲስተካከል የመኪናው ዓይነት በዛ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ለሚሲዮኖች ላንድሮቨር፣ ለከተማ ቤተሰብ ቮልስና ፊያት ሴይቼንቶ፣ ለጭነት ደግሞ ከ1940ዎቹ አጋማሽ በኋላ የፊያት 682 ዝርያ መጣ። የዚህ ዝርያ ታናሽ ወንድም ኤን ትሬ የጎጃምን እህል ለብዙ አሥርት ዓመታት ተሸክሟል። በዚህ መስመር ላይ ውለታው የእሱን ያህል የሚነሳ መኪና ማግኘት ያዳግታል።

በመሪ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ቀን ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ የኢትዮጵያ ተሽከርካሪ በመንገዱ ግራ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቀኝ ዞረ። አዳዲሶቹ መኪኖች መሪያቸው በግራ ሆኖ መጡ። ነባሮቹና የጣሊያን ከባድ መኪኖች ግን በቀኝ መሪያቸው ቀጠሉ። የኤን ትሬ ሹፌር የመንገዱን ጠርዝ በመስኮቱ ቁልቁል እያየ ሲነዳ፣ ቀድሞ ለማለፍ ግን ከፊት የሚመጣውን ማየት አይችልም። ያን የሚነግረው በግራ የተቀመጠው ረዳት ነበር። ረዳትነት ጭነት መጫንና ጎማ መፍታት ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ ግማሹ የማየት ሥራ የእሱ ነው።

ደብረ ኤልያስ ከዚህ ዋና መንገድ ገባ ያለ ከተማ ነው። በምሥራቅ ጎጃም ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የሚገኝ ሲሆን ወረዳው በደቡብ እስከ ዓባይ ይደርሳል። ስሙ ቀድሞ የሚነሳው በመኪና አይደለም፤ በቅኔ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም ቅኔ ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ለመኪና ግን አፈሩ ክፉ ነው። ክረምት ሲገባ ጥቁሩ ጭቃ ጎማ ይውጣል፤ በጋ ሲሆን ደግሞ ያው ጭቃ የደረቀ የጎማ ቦይ ሆኖ ይጠብቃል። ጎማ ከቦዩ ለመውጣት ሲታገል መሪው ከሹፌሩ እጅ ይመነጨቃል፤ ያን ምት የሚቀበሉት ቴስቲኒዎቹ ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ለረጅም ጊዜ የሚገባው ላንድሮቨር ስለነበረ የአካባቢው የመሪ ዕውቀትም በላንድሮቨር ላይ ተገነባ።

በ1948 እ.ኤ.አ. ከፋብሪካ የወጣው የላንድሮቨር ዝርያ ሲበተን ሁሉ ነገሩ ግልጽ ነው። የመሪው ዘንግ የመሪ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ከሳጥኑ ብራቾ ይወርዳል። ብራቾው አንድ ቲራንቴ ይገፋል፤ ያ ቲራንቴ ከፊት በሻንሲው ውስጥ የቆመውን አዙሪት ያንቀሳቅሳል። ከአዙሪቱ ግርጌ የሚነሳው ሁለተኛ ቲራንቴ አንዱን ጎማ ሲያዞር፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ረጅሙ ሦስተኛ ቲራንቴ ሌላውን ይዞ ይዞራል። ሦስት ቲራንቴ፣ ስድስት ቴስቲኒ ማለት ነው። የቴስቲኒው ኳስ በጽዋው ውስጥ እንደ ዳሌ አጥንት ይንቀሳቀሳል። ግራሶውን የሚይዘው ጎማ ከተቀደደ አቧራ ይገባል፣ ኳሱ ይበላል፣ መሪውም ጎማው ሳይዞር ባዶውን መዞር ይጀምራል።

ያለቀው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ ጋቢና ተቀምጦ መሪውን ጥቂት ግራና ቀኝ ያወዛውዛል፤ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ይሁኑ። ሌላው ከሥር ተኝቶ በየቴስቲኒው ላይ መዳፉን ያሳርፋል። አንዱ ክፍል ተንቀሳቅሶ ቀጣዩ ዘግይቶ ከተከተለ ክፍተቱ እዚያው ነው፤ ጣት ዓይን የማያየውን ያገኛል። ቴስቲኒዎቹ ደህና ሆነው ክፍተቱ ከቀረ ምርመራው ወደ ሳጥኑና ወደ አዙሪቱ ይሻገራል። ፊቱ በክሪክ ተነስቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚታየው ክፍተት ግን የመሪው አይደለም፤ የኩሽኔታው ወይም ጎማውን የተሸከመው መዞሪያ ነው። ይህን ያልለየ መካኒክ ስድስቱን ቴስቲኒ አስለውጦ መኪናውን ከነበሽታው ይመልሳል።

ቴስቲኒ መንቀል ከኃይል ይልቅ ዘዴ ይጠይቃል። ኳሱ የተሸከመው እግር ሾጣጣ ስለሆነ ዳዶው ቢፈታም በጉድጓዱ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። እግሩን ከሥር በመዶሻ የሚመታ ጀማሪ ጥርሱን ያበላሻል። የለመደ እጅ የክንዱን ዓይን በአንድ በኩል በከባድ ብረት ደግፎ በሌላው በኩል አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ይመታል፤ ጉድጓዱ ለቅጽበት ቅርጹን ሲለቅ ሾጣጣው ይወድቃል። አሮጌው ቴስቲኒ ከቲራንቴው ሲወጣ ስንት ዙር እንደዞረ ይቆጠራል፤ አዲሱም ያንኑ ያህል ይገባል። የቲራንቴው አንድ ጫፍ ጥርሱ ቀኝ ሲሆን ሌላው ግራ ነው፤ ቧንቧውን በማዞር ብቻ ርዝመቱን ማስተካከል የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ከፊትና ከኋላ ይለካል። የላንድሮቨር ጎማዎች ከፊት በኩል ከ1.2 እስከ 2.4 ሚሊ ሜትር ጠበብ ማለት አለባቸው። ማሽን በሌለበት ቦታ ይህ ቀጥ ባለ ዘንግና በሲባጎ ይሠራል፤ የተጠነቀቀ ሰው ከማሽኑ ብዙም አይርቅም።

አዙሪቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ውስጡ ታፍኖ የተቀመጠ ጠንካራ ሞላ አለ። ሳያስረው የከፈተው ሰው ፊት ላይ ይፈናጠራል። በዘይት የሚኖር ክፍል ሆኖ ሳለ ከላዩ ያለውን የዘይት ቡሎን ለዓመታት የሚከፍተው ስለማይኖር ይደርቃል፤ ይዝጋል፤ ከሻንሲውም ጋር ይጣበቃል። መሪው ከብዶ ከመጠምዘዣ በኋላ በራሱ መመለስ እምቢ ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእሱ ነው።

ቮልስ ላይ ጥያቄው ያለቀው የቱ ነው ከሚለው በፊት የገዛነው ዕቃ የየትኛው ዘመን ነው የሚለው ነው። እስከ 1965 እ.ኤ.አ. የነበረው ቮልስ የፊት እግሩ በፔርኖ (በቋሚ የብረት ዘንግ) የሚዞር ሲሆን ከ1966ቱ ሞዴል ጀምሮ ግን ባለ ኳስ መገጣጠሚያ የሆነ እግር መጣ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር ባለው መሐለኛ ብረት ላይ ተመትቷል፤ ቁጥሩ ዘጠኝ አሃዝ ከሆነ ሦስተኛው አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል። ሆኖም ስልሳ ዓመት በቆየ መኪና ላይ ቁጥር ብቻውን አይታመንም። አክስሉ በአንድ ወቅት ከሌላ ቮልስ ተነቅሎ የተገጠመ ሊሆን ስለሚችል ዕቃ ከመግዛት በፊት ጎንበስ ብሎ ማየት ይሻላል።

አሜሪካ ሠራሽ ባለ ትልቅ ሞተር መኪኖች ወደ ጎጃም መንገድ እምብዛም አልወጡም። በአዲስ አበባ ከባለጸጎችና ከኤምባሲ ሰዎች፣ በአስመራ ደግሞ ከቃኘው የአሜሪካ ጦር ጣቢያ ወታደሮች ጋር የታዩ ናቸው። በመሪ ሥራ ግን ጥሩ አስተማሪ ናቸው። የመሪ ሳጥናቸው ዘንጉና ፍሬው እርስ በርሳቸው እንዳይፋቁ በመካከላቸው የሚሽከረከሩ የብረት ኳሶች አሉት፤ ይህን ዓይነት ጄኔራል ሞተርስ በ1940 እ.ኤ.አ. በካዲላክ ላይ አስገባ። ክራይስለር ደግሞ በ1951 እ.ኤ.አ. በኢምፔሪያል ሞዴሉ የዘይት እገዛ ያለው መሪ ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ የአንድ ዓመት፣ የአንድ ስም መኪና ሁለት ዓይነት መሪ ሊኖረው ይችላል። የ1965 እ.ኤ.አ. ፎርድ ሙስታንግ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ቸርኬው በአራት ቡሎን፣ ባለ ስምንቱ በአምስት ይታሰራል፤ የመሪ ዕቃቸውም ይለያያል። እገዛ ያለውና የሌለውም መሐለኛ ዘንጋቸው አንድ አይደለም። ባለቤቱ ውጭ ላለ ዘመዱ «የ65 ሙስታንግ ቴስቲኒ» ብሎ ቢልክ በሻንጣ የሚደርሰው ዕቃ ላይገጥም ይችላል። የቡሎኑን ቁጥር፣ የሾጣጣውን ውፍረትና የጥርሱን ዓይነት ለክቶ መላክ ግን ወጪና ጊዜ ያድናል።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ መለዋወጫም አብሮ ጠፋ። የሶቪየት መኪኖች ገቡ፤ ላዳ በታክሲነት፣ ዋዝ በገጠር መንገድ። ላዳ መሠረቱ ፊያት 124 ስለሆነ የጣሊያን መኪና የለመደ መካኒክ አልተቸገረም። ለሌላው ሁሉ መሄጃው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነበር። እዚያ ዕቃ የሚፈለገው በቁጥር ሳይሆን አሮጌውን በእጅ ይዞ ነው፤ ሾጣጣው ከሾጣጣ፣ ጥርሱ ከጥርስ ጋር እየተገጠመ የሌላ መኪና ዕቃ ይመረጣል። የጎደለውን ቶርኖ ቤት ይሞላል፤ ቦኮላ ከነሐስ ይቀረጻል፣ ፔርኖ ይታደሳል። ይህ በእውነት የሚያኮራ ጥበብ ነው፤ ብዙ መኪና ያቆየም እሱ ነው።

ከዚያው ዘመን የተወረሰ መጥፎ ልማድም አለ፤ የመሪ ብራቾንና ቲራንቴን በብየዳ መቀጠል። እነዚህ ክፍሎች በእሳት የተመቱና ጥንካሬያቸው በሙቀት የተለካ ብረቶች ናቸው። ብየዳው ከስፌቱ አጠገብ ያለውን ብረት ተሰባሪ ያደርገዋል፤ ስንጥቁም ከላይ ሳይታይ ከውስጥ ያድጋል። የተበየደ ስፖንዳ ቢለቅ እህል ይፈሳል። የተበየደ ብራቾ በዓባይ በረሃ መጠምዘዣ ላይ ቢለቅ ግን የሚሆነው የታወቀ ነው። ችግር በነበረ ጊዜ ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ ግን ማመካኛ የለውም።

በ2001 ዓ.ም. መባቻ በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተከፈተ፤ 303 ሜትር ይረዝማል። በመስመሩ ላይ ኤን ትሬን አይሱዙ ተካው። በደብረ ኤልያስ ስንዴውን የሚያወጣው አይሱዙ ሆነ፤ ከተማው ውስጥ ደግሞ ባጃጅ በዛ። ባጃጅ ቲራንቴ የለውም፤ በእጀታ የሚዞር አንድ የፊት ሹካ ብቻ ነው፤ የሚያልቀውም የሹካው ኩሽኔታ ነው። ከባድ የመሪ ሥራ የሚሠራው በደብረ ማርቆስ ጋራዦች ሲሆን እዚያ ያልተገኘ ዕቃ አሁንም ከአዲስ አበባ ይመጣል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ስለዚህ ገና ብዙ ይነዳል። በምትኩ የሚገባው የኤሌክትሪክ መኪና መሪውን የሚያግዘው በኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ ሲበላሽም በኮምፒውተር ይመረመራል። ጎማውን የሚገፋው ቴስቲኒ ግን እሱም ላይ አለ፤ ሲያልቅ መለወጥ እንጂ መበየድ አይገባውም።