የቴሌቪዥን ድራማ በወጣቶች ሥነ ልቦና ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የወጣት ተመልካቾችን አስተሳሰብ፣ ስሜትና ውሳኔ ምን ያህል እንደሚለውጥ በሥነ ልቦና፣ በጤና እና በምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ይጠናል። ዶናልድ ሆርተን እና ሪቻርድ ዎል በ1956 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ተመልካች በስክሪን ከሚያየው ሰው ጋር የሚመሠርተውን የአንድ ወገን ትውውቅ «ፓራሶሻል» ብለው ሰየሙት። ተመልካቹ ገጸ ባሕርይዋን እንደ ጓደኛው ያውቃታል፤ እሷ ግን አታውቀውም። ተከታታይ ድራማ ደጋግሞ ስለሚመለስ ትውውቁ እየጠነከረ ይሄዳል።

የሜክሲኮው አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ ከአልበርት ባንዱራ የማኅበራዊ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ ተነሥቶ በ1975 ጎልማሶችን ወደ ትምህርት የሚስብ «ቬን ኮንሚጎ» የተሰኘ ድራማ ሠራ። በሳቢዶ ዘዴ ተመልካቹን ይዞ የሚጓዘው እንከን የለሹ ጀግና ሳይሆን የሚያመነታው፣ ተሳስቶ የሚማረው ገጸ ባሕርይ ነው። በኢትዮጵያ ከ2002 እስከ 2004 የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማም በዚሁ ዘዴ የተዘጋጀ ነበር።

ከሁሉም ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው በ2009 በኬንያ ከተጀመረው «ሹጋ» ነው። ድራማው ስለ ኤችአይቪ በወጣቶች ፍቅር፣ ቅናትና ክህደት በኩል ይናገራል። ወደ ናይጄሪያ ከተሻገረ በኋላ አቢጂት ባነርጂ፣ ኤሊያና ላ ፌራራ እና ቪክቶር ኦሮስኮ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 25 የሆኑ ወጣቶችን በዕጣ ከፍለው ለአንዱ ቡድን «ሹጋ»ን፣ ለሌላው ስለ ኤችአይቪ የማያነሳ ድራማ አሳዩ። ከስምንት ወር በኋላ «ሹጋ»ን ካዩት መካከል የኤችአይቪ ምርመራ ያደረጉት ሰዎች ድርሻ ከሌላው ቡድን እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እርግጥ በሁለቱም ወገን የተመረመሩት ጥቂቶች ነበሩ።

ተጽዕኖው ግን ሁልጊዜ ወደ በጎ አይወስድም። በ2017 በኔትፍሊክስ የቀረበው «ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ» ራሷን ያጠፋች ተማሪን ታሪክ ይተርካል። ኒውዚላንድ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ እንዳያዩት አዲስ የዕድሜ ደረጃ አወጣችለት። በ2019 የታተመ ጥናት ድራማው በተለቀቀ ማግሥት ባለው ወር፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 17 በሆኑ አሜሪካውያን ዘንድ ራስን ማጥፋት በ28.9 በመቶ መጨመሩን አሳየ። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ሴት ብትሆንም ጭማሪው ጎልቶ የታየው በወንዶች ላይ በመሆኑ፣ ተመልካች የሚመስለውን ገጸ ባሕርይ ይከተላል የሚለው ማብራሪያ ብቻውን አይበቃም። አጥኚዎቹም ድራማው መንስኤ መሆኑን አላረጋገጡም፤ ዳንኤል ሮመር ያንኑ መረጃ እንደገና ተንትኖ ውጤቱን ተከራክሯል። ኔትፍሊክስ ራስን የማጥፋቱን ትዕይንት በጁላይ 2019 ከድራማው ቆርጦ አወጣ።